ቦረቦሩን የቆፈረው ጎማ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ካለው የአንገረብ ግድብ በላይ ስላለው የተከለለ ቁጥቋጦ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ስለ ደን መጻፋችሁን እደግፋለሁ። ግን መሀል ላይ የለጠፋችሁት ፎቶ እንቅልፍ ነስቶኛል። ወገብ የሚደርስ ቦረቦር ይታያል። ከሥሩ «የተራራ ብስክሌት የሸነተረው መሬት» የሚል ጽፋችኋል።

ያንን ቦረቦር አውቀዋለሁ። አራት ዓመት በተራራ ብስክሌት በአጠገቡ ተመላልሻለሁ። ፎቶ አንሺው ሃያ እርምጃ ወደ ላይ ቢወጣ የጠጠር መንገዱን የውሃ ቱቦ ያገኝ ነበር። መንገዱ ሲሠራ ጎርፉ ሁሉ በዚያ ቱቦ ተሰብስቦ እንዲወጣ ተደረገ። ከቱቦው አፍ ወዲያ ግን ውሃውን የሚቀበል ቦይ የለም። ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲጥል ቆሜ አይቻለሁ። ቡናማው ውሃ ከቱቦው ተወርውሮ ይወጣል፣ የክትክታውን ሥር ያራቁታል፣ ድንጋይ እያንከባለለ ቁልቁል ይወርዳል። የእኔ ጎማ ስፋቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ቦረቦሩ አፉ ላይ ሁለት ሜትር ይሆናል። ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን ያስፈልጋል?

ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። ግራው ጥግ ላይ ያለው አደይ አበባ ገና እንቡጥ ነው። ስለዚህ የተነሳው ነሐሴ መጨረሻ ግድም ነው። እኛ ብስክሌት ነጂዎች ደግሞ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ በብስክሌት እዚያ ድርሽ አንልም። አፈሩ ሲረጥብ መንዳት መንገዱን እንደሚጎዳ ስለምናውቅ ራሳችን ያወጣነው ሕግ ነው። ከታች እርጥቡ አፈር ላይ የታተመው ኮቴም የከብት ነው። የጎማ ዱካ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ዘገባው ሦስት ሰዎችን አናግሯል። ከሦስቱ አንድም ብስክሌት የሚነዳ የለም። ስለ እኛ ተወራ እንጂ እኛን የጠየቀን የለም። ዘገባው በወጣ ማግስት እናቴ ቡና እያፈላች ቀና አለችና «ልጄ፣ ያንን ጫካ የምታጠፉት እናንተ ናችሁ እንዴ?» አለችኝ። ጎረቤት ስልኳ ላይ አሳይታት ነው። እናቴ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ በጭቃ የተለወሰ ሱሪዬን የምታጥብ ሰው ናት። ከዶማ ሥራ እንደምመለስ ታውቃለች። እሷ እንኳ ከተጠራጠረች ሌላው ሰው ምን ይበለን?

ዶማ ያልኩት እንዲያው ለአባባል አይደለም። ስድስት ሰባት ሆነን ከጥቅምት ጀምሮ በየአሥራ አምስት ቀኑ እንወጣለን። ድሮ የነበረው አቋራጭ ቁልቁል ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነበር። እንዲህ ያለ መንገድ ውሃ ያገኘ ዕለት ቦይ ይሆናል፣ እግረኛም ይሂድበት ብስክሌት። እኛ ያንን በእሾህ ዘጋንና መንገዱን በተዳፋቱ ወገብ አዞርነው። በዓለም ዙሪያ የብስክሌት መንገድ የሚሠሩ ሰዎች የሚከተሉት መመሪያ አለ። የመንገዱ ዘንበል ከተዳፋቱ ዘንበል ግማሽ መብለጥ የለበትም። በአማካይም ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። የውጪው ጠርዝ በትንሹ ወደ ታች ያጋድላል፣ ውሃው መንገዱን ተከትሎ እንዳይሮጥ ወዲያው ተሻግሮ እንዲወርድ። በየተወሰነ ርቀት ደግሞ መንገዱ ዝቅ ብሎ መልሶ ከፍ ይላል። ውሃ እዚያ ዝቅታ ላይ ሲደርስ ይወጣል። ገበሬው በእርከንና በጎርፍ መቀልበሻ ቦይ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ከታች የሚያርሱ አንድ አባት ድንጋይ አነባበራችንን አይተው «እንዲያ አይደለም ልጆቼ፣ ሰፊው ወገን ወደ ውስጥ» ብለው አፍርሰው አሳይተውናል። እሳቸው ያስተካከሉት ድንጋይ ሁለት ክረምት አልፎታል፣ አልተነቃነቀም።

ጥፋት የለብንም አልልም። የኋላ ፍሬን ጨምድደው ቁልቁል የሚንሸራተቱ ልጆች አሉ። አፈሩን ይልጡታል። ኩርባውን ሰልችቷቸው በአጋሙ መሀል አዲስ መስመር የሚያወጡም አሉ። እነዚህን ብትወቅሱ አብሬ እወቅስ ነበር፣ እየተጣላሁም ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት የተደረገ ጥናት እግረኛን፣ ፈረስን፣ ሞተርን እና ብስክሌትን በአንድ ዓይነት የተራራ መንገድ ላይ አወዳድሮ ነበር። በውሃ የሚታጠብ አፈር በብዛት ያላላው የፈረስ ኮቴና የሰው እግር ነው፣ ጎማ አይደለም። ይህን የምጠቅሰው እግረኛና ከብት ይታገድ ለማለት አይደለም። ብስክሌትን ብቻ ነጥሎ ጥፋተኛ ማድረግ ልክ ስላልሆነ ነው።

ዘገባችሁ ውስጥ ያለው «ያለ ፈቃድ የሚነዱ» የሚለው ቃል ደግሞ የበለጠ አሞኛል። ፈቃድ ጠይቀናል። መንገዱ የት እንደሚያልፍ በእጃችን ስለን፣ ማን መቼ እንደሚጠግነው ጽፈን ወደሚመለከተው ቢሮ ወሰድን። አራት ጊዜ ተመላለስን። አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዴ ነገ ኑ፣ አንዴ ወረቀቱ ጠፍቷል። እምቢ ብንባል እኮ እናርፍ ነበር። ቦታው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ እንዲሆን የተከለለ መሆኑ ይገባኛል። ግን ሰው በዚያ ለዘመናት ተሻግሯል፣ ዛሬም እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይሻገራሉ። መንገዱ አይቀርም። ጥያቄው በደንብ ይሠራ ወይስ ይታጠብ ነው።

ዘገባችሁ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክንም ምሳሌ አድርጓል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ የገባው በብስክሌት አይደለም። ዋልያው ስለተመናመነ፣ እርሻና ግጦሽ ስለገፋው፣ መንገድም መሀሉን ስለሰነጠቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከመዝገቡ የወጣውም ግጦሹ ቀንሶ፣ የዋልያና የጭላዳ ቁጥር ተረጋግቶ፣ ለመኪናው መንገድ አማራጭ ተፈልጎለት ነው። ትክክለኛው መንስኤ ስለታወቀ መፍትሔ ተገኘ።

እዚህስ? ብስክሌቱ ቢታገድ ቱቦው እዚያው ነው። የሚመጣው ሐምሌ ውሃው ይወርዳል፣ ቦረቦሩ ይሰፋል፣ አፈሩ አንገረብ ግድብ ይገባል። ያ ግድብ በደለል እየተሞላ ያለ የጎንደር የመጠጥ ውሃ ነው። በፈረቃ ውሃ የሚጠብቅ፣ ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን የሚደረድር ሁሉ ጉዳዩ ያገባዋል። እኛን ወቅሳችሁ ቱቦውን ስትተዉት የተጎዳው የእኛ ስም ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የፎቶውን መግለጫ አርሙ፣ እርማቱንም ዘገባው በወጣበት ቦታ አውጡት። ቀጥሎ ቱቦውን ማን እንደሠራው፣ የጎርፍ መቀልበሻና ክትር መሥራት የማን ኃላፊነት እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፒያሳ ተገናኝተን እንወጣለን። ጋዜጠኛችሁ ይምጣ። ቱቦው አፍ ድረስ እኔ አደርሰዋለሁ። ቦት ጫማ ያድርግ፣ መሬቱ ገና አልጠነከረም።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከጎንደር