ቅሬታችን የገቢ ቁጥር ይሰጠው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጡረታ እስክወጣ ድረስ 27 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ ፋይል። ስንቱ ሰው አቤቱታውን በእጄ አስገብቷል። ባለፈው ጥር ግን እኔ ራሴ ባለጉዳይ ሆንኩ።

እቴቴ ታመመች። አክስቴ ናት፤ እኔንም ወንድሜንም ያሳደገች። ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ቡና ልታፈላ ስትነሣ ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ አሏት። ከቁስቋም በባጃጅ አውርደን ጎንደር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ አስተኛናት። ስትሮክ ነው ተባለ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ስም ለማጥፋት አይደለም የምጽፈው። ሐኪሞቹም ነፍሷን አትርፈዋል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው።

ነገሩ የተበላሸው ቅዳሜና እሑድ ነው። የወንድሜ ሚስት ናት ታስታምም የነበረችው። «እናንተ አትንኳት፣ እኛ እናገላብጣታለን» ተብላ ስለነበር አልነካቻትም። ሰኞ ጠዋት አንሶላው ሲቀየር ከወገቧ ሥር የመዳፍ ያህል ቁስል አየች።

ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሕመምተኛ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎኑ መቀየር እንዳለበት ያኔ ነው የሰማሁት። ካልተቀየረ ቆዳው በአጥንትና በፍራሽ መካከል ተጨፍልቆ ይቀራል። ደም አይደርሰውም፤ ይሞታል። ወገብ ሥር፣ ዳሌና ተረከዝ ቶሎ ይጎዳሉ። የአልጋ ቁስል ይሉታል።

ወንድሜ ቱግ አለ። መጀመሪያ ያገኛትን ነርስ ሰደባት። እሱን አልደግፍም፤ ልጅቷ ቅዳሜ ተረኛ እንኳ አልነበረችም። ጥበቃ ተጠራ። ከዚያ ወዲያ እኛ «ረባሽ ቤተሰብ» ሆንን፣ ቁስሉም ተረሳ።

እኔ በወረቀት ልሞክር ብዬ ስነሣ ደግሞ የወንድሜ ሚስት እጄን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ ተወው። እቴቴ ገና እጃቸው ላይ ናት። ነገ መርፌ የሚወጋት ማን ነው?» አለች። እውነቷን ነው። ቅሬታ ያለው ሰው አፉን የሚዘጋው በዚህ ፍርሃት ነው።

እኔ ግን ሄድኩ። «ቅሬታ ሰሚ» የሚል የተለጠፈበት በር ተቆልፏል። ስብሰባ ናቸው። ከበሩ አጠገብ የሐሳብ መስጫ ሳጥን አለ፤ ቁልፉ ዝጓል፣ ላዩ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል። ኃላፊውን ያገኘኋቸው በሦስተኛው ቀን ነው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ወንበር ሰጡኝ።

«ማንን ነው የሚከሱት?»

«ማንንም።»

«ታዲያ ካሳ ነው የፈለጋችሁት?»

«አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ምን እንደሆነ እንዲነገረን ነው።»

ግራ ገባቸው። የጻፍኩትን አንድ ገጽ ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። የገቢ ቁጥር፣ ማለትም ደብዳቤው መዝገብ ላይ የሰፈረበትን ቁጥር፣ ጠየቅሁ። «ግድ የለም፣ እኔ ጋ ነው» አሉኝ።

እኔ ጋ ነው! በዚህች ቃል ስንት ፋይል ሲጠፋ አይቻለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ቤቴ ሽማግሌ መጣ። ሁለት አዛውንትና አንድ ቄስ። ማን እንደላካቸው አልነገሩኝም። «ሆን ብለው አላደረጉትም፣ ይቅር በል» አሉ። ሽማግሌ አይመለስም፤ ቡና ጠጣን፣ መርቀውኝ ሄዱ። ይቅር ያልኩት ማንን እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቅም። ጥፋቱን የነገረኝ የለማ።

መልሱን ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ሰው ነው። እቴቴ ልትወጣ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ አንዲት ተረኛ ነርስ ማታ አጠገባችን ቁጭ አለች። «አባቴ፣ ልንገርዎት» አለች። «ያን ቅዳሜና እሑድ ለ34 ሕመምተኛ ሁለት ነርሶች ብቻ ነበርን። አንዳችን ድንገተኛ ክፍል ተጠራን። እቴቴን አላገላበጥናትም። ይቅርታ ያድርጉልን።» መገላበጧ የሚመዘገብበትን ቻርትም አሳየችኝ። የሁለቱ ቀን ቦታ ባዶ ነው። ባዶ መተዋቸውን ወደድኩላቸው። ባልተሠራ ሥራ ላይ ፊርማ ሲደረደር በዘመኔ ብዙ አይቻለሁና።

አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ወንድሜ እንኳ ሲሰማ አንገቱን ደፋ፣ በማግስቱ የሰደባትን ልጅ ፈልጎ ይቅርታ ጠየቃት።

እንግዲህ ሹሞቹን የምጠይቀው ይህችን ነርስ የሚመስል አሠራር ነው። ሕመምተኛው አልጋ ላይ እያለ ቤተሰቡን አስቀምጦ የሆነውን የሚናገር አንድ ሰው ይመደብ። ያ ሰው መርፌ የሚወጋው አይሁን። ወረቀት የሰጠ ሁሉ ደግሞ ቀንና ቁጥር ያለበት ቁራጭ ይዞ ይውጣ።

ቁጥሩ የጡረተኛ አመል እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቴ «እንባ ጠባቂ ጋ ሂድ» አለኝ። መንግሥት መሥሪያ ቤት በደለኝ የሚልን ሰው አቤቱታ የሚሰማ፣ በ1992 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመ ተቋም ነው፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ከዚህ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ደረስኩ እንበል። «መጀመሪያ ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ አመልክተሃል ወይ?» ይሉኛል። አዎ ብል በምን ላስረዳ?

እቴቴ አሁን ቤቷ ናት። ቁስሉ እየጠገገ ነው። የወንድሜ ሚስት ስልኳ ላይ በየ2 ሰዓቱ የሚጮህ ደወል ሞልታለች፤ የሌሊቱ 8 ሰዓት የእኔ ተራ ነው።

ማመልከቻዬ ጥር 21 የተጻፈ ነው። አንድ ገጽ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። መሳቢያውን የከፈተ ያገኘዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከጎንደር
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተሰጥቷል)