ሪንጉን መልሱልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ሰፈር። የኮንዶሚኒየም የሌሊት ጥበቃ ነኝ። በወታደር ቤት ሳለሁ ቅርጫት ኳስ እጫወት ነበር። ጋዜጣችሁን ጠዋት ተረኛዬ እስኪመጣ አነበዋለሁ፤ የምጀምረውም ከስፖርት ገጹ ነው።

ኮሮና ስላቋረጠው የ2012ቱ የኤንቢኤ፣ የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ውድድር ያወጣችሁትን አነበብኩ። ሌከርስ ዋንጫ መውሰዱን፣ ሌብሮን ጄምስ የፍጻሜው ኮከብ መባሉን ጽፋችኋል። ልክ ነው። እኔ ግን ከዚያ ዓመት የማስታውሰው ሌላ ነገር አለ። የምለምነውም አለኝ፤ በኮሮና ጊዜ የተነቀለው የሰፈራችን የቅርጫት ኳስ ሪንግ እንዲመለስልን።

መጋቢት 3 ነው፣ ለሐሙስ አጥቢያ። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ግድም። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዋይፋዩን አካፍሎኝ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይወርድና በኔ ስልክ አብረን እናያለን። የዚያን ሌሊት ዩታ ጃዝ ኦክላሆማ ሄዶ ከተንደር ጋር ሊጫወት ነው። ተጫዋቾቹ አሟሙቀው ጨርሰዋል። ሊጀመር ሲል አንድ ሰው ከዳር ወደ ሜዳው ሮጦ ገባ። የተንደር የጤና ባለሙያ ነበር። ዳኞቹን ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ነገራቸው። ከዚያ ሁለቱም ቡድኖች ወደ መልበሻ ክፍል ተመለሱ። ልጁ "ጋሼ፣ መብራት ሊጠፋባቸው ነው እንዴ?" አለኝ። ቆይተን ነው የሰማነው። የዩታው ሩዲ ጎቤር ኮሮና ተገኝቶበታል። ወዲያው ሊጉ በሙሉ ቆመ።

በዚያው ሌሊት አትላንታ ውስጥ ሆክስና ኒክስ እየተጫወቱ ነበር። የሊጉ መቆም የተሰማው እነሱ ሜዳ ላይ እያሉ ነው። የሆክሱ ቪንስ ካርተር ያኔ 43 ዓመቱ ነው፤ በኤንቢኤ 22ኛ የውድድር ዘመኑ። በዓመቱ መጨረሻ እንደሚያቆም ተናግሯል፤ ገና ብዙ ጨዋታ ይቀረው ነበር። ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ይግባልን አለ። በጭማሪው ሰዓት ማብቂያ ገብቶ ከሩቅ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ። ቡድኑ 136 ለ131 ተሸነፈ። በእርግጥም የመጨረሻ ጨዋታው ሆነ። ለእሱ ቢያንስ ሰው ቆሞ አጨብጭቦለታል።

ስለ ጎቤር ግን አንድ ነገር ልበል። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ለቀልድ የጋዜጠኞቹን ማይክሮፎን ነካክቶ ነበር። ጥፋት ነው። ሰው ሁሉ ሰደበው። እሱም ይቅርታ ጠየቀ፤ ከ500,000 ዶላር በላይ እሰጣለሁ አለ። ከዚያ ውስጥ 200,000 ዶላሩ በዩታ ስታዲየም በትርፍ ሰዓት ለሚሠሩ ሰዎች ነው። በር ላይ ለሚቆሙት፣ ለሚያጸዱት፣ ጨዋታ ከሌለ እንጀራቸው ለሚቋረጥ። ኒው ኦርሊንስ ላይ ደግሞ ዛዮን ዊሊያምሰን የሚባለው የ19 ዓመት ልጅ የስታዲየሙን ሠራተኞች የ30 ቀን ደመወዝ እችላለሁ ብሎ ነበር። እኔም በር ላይ የምቆም ሰው ነኝ። ስለ በረኛ ያሰበ ተጫዋች አይረሳኝም።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ።

ከሕንፃዎቹ መሀል ባዶ ቦታ ነበረን። ከግንባታ በተረፈ ኮምፔርሳቶ ሰሌዳ ሠራን። ብየዳ ቤት ሄጄ ከፌሮ ብረት ቅርጫት አስበየድኩ፤ ልጆቹ ሪንግ ነው የሚሉት። ከፍታውን በሜትር ለካሁ፤ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም። ከዚህ ካነሰ ልጆቹ ይበላሻሉ ብዬ ድርቅ አልኩ። መስመሩን በኖራ አሰመርን። ኳሷ ከኔ ጋ ጥበቃ ቤት ታድራለች፤ ስትተነፍስ ጎሚስታ ወስጄ አየር አስሞላታለሁ።

አርብ መጋቢት 4 በሀገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። እሑድ መጋቢት 6 ልጆቹ ተጫወቱ። ከመካከላቸው አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ግራ እጇን የምታዘወትር፣ ከማዕዘን የማትስት። ሲመሽ ኳሷን አስረከበችኝና "ጋሼ፣ ማክሰኞ ከትምህርት ስመለስ እወስዳታለሁ" አለችኝ። ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የባስኬት አንድ ቡድን ብቻውን አምስት ነው።

የሕንፃዎቹ ኮሚቴ ሪንጉን አስነቅሎ ስቶር አስገባው። አልተቃወምኩም። ሰው የሚሞትበት ጊዜ ነበር። በር ላይ ጀሪካን ሰቅዬ ገቢውን ሁሉ እጁን ያስታጠብኩት እኔው ነኝ። "እስኪያልፍ ነው" ተባለ፤ እኔም ለልጆቹ እንደዚያው አልኳቸው።

የአሜሪካኖቹ ሊግ በሐምሌ ተመለሰ። ከ30 ቡድን 22ቱን ኦርላንዶ አስገብተው በር ዘጉባቸው። በየጊዜው እየመረመሩ፣ ያለ ተመልካች አጫወቷቸው። በመመለሻው የመጀመሪያ ጨዋታ ቀዳሚዋን ቅርጫት ማን እንዳስቆጠረ ታውቃላችሁ? ጎቤር ነው። ማሸነፊያዋንም በቅጣት ምት ያስገባው እሱ ነው። ክረምት ነበር፤ ዝናቡ የጥበቃ ቤቱን ቆርቆሮ እየደበደበ ብቻዬን አየሁት። እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጣ። የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግም እንዲሁ ነው። በዚያው መጋቢት ዳካር ላይ ሊጀመር ነበር፤ ግን ኤንቢኤ ከመቆሙም በፊት ተላለፈ። ግንቦት 2013 ኪጋሊ ላይ ጀመሩ፤ የግብጹ ዛማሌክ ዋንጫውን ወሰደ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ዘገዩ እንጂ አልቀሩም።

የኛ ሪንግ ግን ዛሬም ስቶር ውስጥ ነው። ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ከመኪና አዳር ከሚሰበሰበው ገንዘብ ለኔም ደመወዝ ላይ ይጨመርልኛል፤ ይህን ደብቄ ብጽፍ ነውር ነው። ኮሚቴውን ሦስት ጊዜ ጠይቄአለሁ። "እናያለን" ነው መልሱ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ዝጉ ያላቸው ነበረ፤ ክፈቱ ያላቸው የለም።

ያቺ ልጅ ባለፈው ጥምቀት ሰፈር መጥታ ነበር። ቤተሰቧ ከዚህ ከለቀቀ ቆይቷል። ትልቅ ሴት ሆናለች። መኪኖቹን አየችና "ሪንጉስ፣ ጋሼ?" አለችኝ። የምላት አጣሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ብቻ መኪኖቹ ወደ ውጭኛው አጥር ጥግ ይውጡ። እኔ ከሌሊት ሥራዬ ወጥቼ ያለ ክፍያ እጠብቃቸዋለሁ። የሚቀነስ ገንዘብ ካለ ከኔ ጭማሪ ይቀነስ። ሪንጉን ብየዳ ቤት ወስጄ አጠናክሬ የምተክለው እኔ ነኝ። ጋዜጣችሁ ይህችን ደብዳቤ ቢያወጣልኝ ኮሚቴው ያነበዋል፤ ሊቀመንበሩም እንደኔ በስፖርት ገጹ ነው የሚጀምሩት። በየኮንዶሚኒየሙ በዚያ ዓመት ተዘግቶ የቀረ ሜዳ ያላችሁም ጻፉ።

ኳሷ አሁንም እኔ ጋ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ጎሚስታ ወስጄ አየር አስሞልቻታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የጋራ መኖሪያ ቤት የሌሊት ጥበቃ
ከቱሉ ዲምቱ