ሥዕሉ ሳይቆረጥ ይታተምልን

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ የወጣውን የፍሌሚሹን ሠዓሊ የፒተር ብሮይገልን ሥዕል በማየቴ ብደሰትም፣ ከሥሩ የሰፈረው «የመንደር ልጆች የበረዶ ጨዋታ» የሚል መግለጫ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አስገድዶኛል። ያተማችሁት የሥዕሉን ቀኝ ጎን፣ ማለትም ግግር በረዶ በሆነው ውኃ ላይ የሚንሸራተቱትን ልጆች ብቻ ሲሆን፣ የሥዕሉ ዋና ጉዳይ ያለው ግን ተቆርጦ በቀረው ክፍል ነው።

በ1566 እ.ኤ.አ. በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለውና ዛሬ በብራሰልስ ሙዚየም የሚገኘው ይህ ሥራ «የሕዝብ ቆጠራ በቤተ ልሔም» ይባላል። ሠዓሊው በሉቃስ ወንጌል የተጻፈውን የአውግስጦስ ቄሣርን የምዝገባ ትእዛዝ ወስዶ፣ በራሱ ዘመን የነበረች፣ በዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ ያለች የብራባንት ግዛት መንደር በምትመስል፣ በረዶ በተከመረባት ስፍራ አኑሮታል። በግራ በኩል፣ የቅጠል ጉንጉን ከተሰቀለበት መጠጥ ቤት መስኮት ሥር ሰው ተጨናንቋል፤ ከውስጥ መዝገብ ተገልጦ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ግድግዳው ላይም አገሩን ይገዛ የነበረው የሐብስበርግ ሥርወ መንግሥት አርማ፣ ባለ ሁለት ራስ ንስር፣ ይታያል። እዚያው ደጃፍ ላይ አሳማ ይታረዳል፤ አንዲት ሴትም እጀታው ረጅም በሆነ መጥበሻ ደሙን ትቀበላለች። ገንዘብ ተቀባዩና ደም ተቀባይዋ ጎን ለጎን መዋላቸው፣ የእኔ ግምት ቢሆንም፣ እንዲሁ የሆነ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ ግርግር መካከል አንድ አናጢ ትልቅ መጋዝ በትከሻው ተሸክሞ፣ ፊቱን በሰፊ ባርኔጣ ሸፍኖ፣ ሰማያዊ ካባ የተጎናጸፈች ሴት የተቀመጠችባትን አህያ እየመራ ወደ መጠጥ ቤቱ ያመራል። ዮሴፍና ማርያም ናቸው። ከራሳቸው በላይ የብርሃን አክሊል አልተሣለም፤ ቀና ብሎ የሚያያቸው ሰውም የለም፤ መጋዙ ባይኖር እኛም ከሌላው መንገደኛ ባልለየናቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ገጹን ያዘጋጀው ባልደረባችሁ ከመንደሩ ሰዎች የተለየ ስሕተት አልፈጸመም።

ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ስፋት ያለውን ሥዕል በጋዜጣ ዓምድ ማስገባት እንደሚያስቸግር ይገባኛል። ሆኖም በሚቀጥለው እትማችሁ፣ ከትክክለኛ ርእሱ ጋር፣ ቢያንስ መጋዙ በሚታይበት መጠን ሙሉውን እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ