ማላርድ የት ሄደች?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው እትማችሁ ስለ እንግሊዝ የድሮ ባቡሮች ያወጣችሁትን ፅሁፍ ጠዋት ስራ ስሄድ ነው ያነበብኩት፣ እንዲህ አይነት ነገር በአማርኛ ማግኘት ብርቅ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ጀመርኩት፣ ግን መሀል ላይ ስደርስ ከአለም የእንፋሎት ባቡሮች ሁሉ ፈጣኗ ፍላይንግ ስኮትስማን ናት የሚል አየሁና አላስችል አለኝ። አይደለችም። ፍላይንግ ስኮትስማን በ1934 በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎሜትር ገደማ ስትሮጥ በእንግሊዝ በይፋ የተመዘገበላት የመጀመሪያዋ ናት፣ ይሄን ክብር ማንም አይወስድባትም። የአለም ሪከርዱ ግን የማላርድ ነው። ማላርድ ደግሞ ኤ4 ከሚባሉት 35 ሎኮሞቲቮች (ፉርጎዎቹን የሚጎትቱት ማሽኖች) አንዷ ናት፣ እናንተ ስለ ኤ4 አንድ መስመር እንኳን አልፃፋችሁም። (ቀኖቹን በፈረንጆቹ ነው የምፅፈው።)

ጀርመኖች በ1933 በርሊንና ሀምቡርግ መሀል በናፍጣ የሚሄድ በጣም ፈጣን ባቡር አስገብተው ነበር። የለንደንና ሰሜን ምስራቅ ባቡር ኩባንያ ዋና መሀንዲስ ናይጅል ግሬስሊ ሄዶ ተሳፈረበት፣ ለኛም ይሆናል ወይ ተብሎ ጀርመኖቹ ሲጠየቁ ግን ለለንደን ኒውካስል መስመር እንችላለን ያሉት ሰዓት አላረካውም፣ በራሳችን እንፋሎት ከዚህ የተሻለ እንሰራለን አለ። ማርች 1935 ላይ ፓፒረስ የምትባለው የቀድሞ ሎኮሞቲቩ በሰዓት 108 ማይል ገብታ አሳየችለት። በዛው አመት የመጀመሪያዋ ኤ4፣ ሲልቨር ሊንክ፣ ከኩባንያው የዶንካስተር ፋብሪካ ወጣች። ሴፕቴምበር 27 ቀን ጋዜጠኞችን ይዛ በሞከረችው ጉዞ ሁለት ጊዜ 112.5 ማይል ገባች፣ በሶስተኛው ቀን መደበኛ ስራ ጀመረች፣ ከለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ኒውካስል 268 ማይሉን በ4 ሰዓት። እኔን እስከዛሬ የሚገርመኝ ሌሎቹ እህቶቿ ገና አልቀው ስላልወጡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያን ባቡር ብቻዋን መሳቧ ነው፣ ደርሶ መልስ በቀን 536 ማይል፣ ወር ያልሞላት አዲስ ማሽን!

ማላርድ የመጣችው በ1938 ነው። ጁላይ 3፣ እሁድ ቀን፣ የፍሬን ሙከራ ነው ተብሎ ተወጣ። ሹፌሩ ጆ ዱዲንግተን ነው፣ ከሰል እየዛቀ እሳቱን የሚመግበው ቶሚ ብሬይ። ከግራንተም በስተደቡብ የስቶክን ዳገት ጨርሰው ቁልቁለቱን ሲይዙ ዱዲንግተን ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ ለቀቃት፣ ስድስት ፉርጎና አንድ ፍጥነት የሚመዘግብ ፉርጎ እየጎተተች 126 ማይል ገባች፣ በኪሎሜትር 203 ገደማ። ቁልቁለት ስለሆነ አይቆጠርም የሚሉ አሉ፣ በ1936 ዓመት 200.4 ኪሎሜትር የገባችውን የጀርመኗን 05 002 እያነሱ። እኔም ጀርመኗን አልንቃትም፣ ትልቅ ማሽን ናት፣ ግን የማላርድን ቁጥር እስከዛሬ ያለፈ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የለም።

ከዛ በኋላ የሆነውም ይፃፍ። የመሀለኛው ሲሊንደር ቢዬላ (ግፊቱን ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው ዘንግ) ኩሽኔታው ጋለና ማላርድ ቀስ እያለች ፒተርቦሮ ገብታ ቆመች፣ ፉርጎዎቹን ለንደን ያደረሰው ሌላ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ነው። ይሄ የኤ4ዎች ሁሉ ህመም ነበር። ሶስት ሲሊንደር አላቸው፣ ግሬስሊ ለመሀለኛው እንፋሎት የሚያስገባና የሚያስወጣውን ቫልቭ የሚያንቀሳቅስ የራሱን መሳሪያ ከመስራት ከሁለቱ የውጪዎቹ በማንሻ እንዲቀበል አደረገው፣ ብልሃት ነው፣ ግን መገጣጠሚያዎቹ ሲላሉ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ መሀለኛው ከድርሻው በላይ ይሰራና ይግላል። በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ጥገና ሲጓደል ደግሞ ባሰበት።

ሰው ያቺን እንደ ሽብልቅ የሾለች አፍንጫዋን አይቶ ፍጥነቱ ሁሉ ከቅርጿ ይመስለዋል፣ ቅርጿ እርግጥ ረድቷታል፣ ግን 35ቱም እኮ ያው ቅርፅ ነው ያላቸው። ማላርድን ከአብዛኞቹ የለያት ኪልቻፕ የሚባለው ድርብ ጭስ ማውጫ ነው፣ የሰራበት እንፋሎት ሳይታፈን እንደልቡ ይወጣል። መጀመሪያ አራት ኤ4ዎች ብቻ ነበራቸው፣ ለሌሎቹ የተገጠመው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ሃያ አመት ያህል ቆይቶ፣ የእንፋሎት ዘመን ሊያልቅ ሲል። ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል።

ግሬስሊ በ1941 ሞተ። በቀጣዩ አመት ኤፕሪል ላይ ዮርክ በቦምብ ስትደበደብ አንዷ ኤ4፣ ሰር ራልፍ ዌጅዉድ፣ ላትጠገን ተሰባበረች። የመጨረሻዎቹ በ1966 ስኮትላንድ ውስጥ ስራ አቆሙ። ዛሬ የቀሩት ስድስት ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ አንዷ አሜሪካ አንዷ ካናዳ ነው የሚኖሩት፣ በ2013 ግን የሪከርዱን 75ኛ አመት ለማክበር ሁለቱንም በመርከብ አምጥተው ስድስቱን ዮርክ ሙዚየም ውስጥ ጎን ለጎን አቆሟቸው። ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሄጄ አየሁ፣ ሰዉ ከመብዛቱ የተነሳ መራመጃ አልነበረም፣ ማላርድ ፊት ስንደርስ ልጄ «አባዬ ይቺ ናት?» አለኝ፣ አዎ ይቺ ናት አልኩት።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ አውጡ። ስታወጡ ደግሞ የግሬስሊን ስም ብቻ ፅፋችሁ እንዳታልፉ፣ ዱዲንግተንንና ብሬይንም ጨምሩ፣ በተለይ ብሬይን፣ ከሰሉን የዛቀው እሱ ነውና።

የቆየ አንባቢያችሁ
ከለንደን