ለማሙሽ፣ ስለዚያ ሁሉ አፕል

የኔ ጌታ፣ እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ?

የላክልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ትንሹ በሁለት እጁ የያዘው አፕል ፊቱን ሊሸፍነው ምንም አልቀረው። ከኋላው ሦስት ቅርጫት ሙሉ ተደርድሯል። ከሥሩ ደግሞ «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ምን ላድርገው?» ብለሃል። ሳቄ መጣ። መኸር ላይ ዛፍ ሥር ሆኖ «ይበቃል» የሚል ሰው እስካሁን አላየሁም። በስልክ ልነግርህ ነበር፤ ግን በስልክ የነገርኩህ ነገር በማግስቱ የት እንደሚገባ ስለማውቅ ይኸው ጻፍኩልህ።

መጀመሪያ ድስት አትጣድ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈህ ለያቸው። የተጋጨውና የተወጋው ለብቻ፣ ጤነኛው ለብቻ። አፕል ከዛፉ ከወረደ በኋላም መብሰሉን አያቆምም። ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ራሱንም ጎረቤቱንም ያበስላል። የተጎዳው ደግሞ አብዝቶ ያወጣል። አንድ የበሰበሰ ቅርጫት ውስጥ ከተረሳ ሌሎቹን ይዟቸው የሚሄደው ለዚህ ነው። ጤነኞቹን ሳታጥብ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ፣ ከካሮት ግን አርቃቸው። ካሮት አፕል አጠገብ ከሰነበተ ይመራል። እኔ ይህን እስካውቅ ስንት ጊዜ ካሮቱን ረግሜዋለሁ!

የተጋጩት የዛሬ ሥራህ ናቸው። የተመታውን ቦታ በቢላ ጎርደህ አውጣ፣ የቀረው ለድስት ይሆናል። የሻገተውን ግን አትሳሳለት፣ ሙሉውን ጣለው።

ከዚያ ቅመስ። አደራ የምልህ ይህን ነው። ከየቅርጫቱ አንዳንድ ቁራጭ ጥሬውን አፍህ ውስጥ ክተት። ጠንካራና ኮምጠጥ ያለው እሳት ይችላል፤ ቅርጹን ይዞ ይበስላል። አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ እንዲህ ነው። ለስለስ ያለው፣ እንደ ማኪንቶሽ ያለው፣ ሙቀት ሲያየው ይፈርሳል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ቦታቸው ይለያያል እንጂ። ያን ጊዜ የሠራሁትን ፓይ ታስታውሳለህ? ሳልቀምስ ለስላሳውን ከትፌ ሞላሁት። ሲቆረስ ከላይ ሊጥ፣ ከሥር ሾርባ ሆነ። አንተ ማንኪያ አምጥተህ በላህ። ምንም አላልክም፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።

ለስላሳውን እንግዲህ አፍርሰው። ለአንድ ኪሎ አፕል ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ዘሩን አውጣ፣ ልጣጩን ግን ተወው። ሲበስል የሚያወፍረው ፔክቲን በብዛት ያለው ልጣጩና መሃሉ ላይ ነው። ልጣጩ ቀይ ከሆነ ድስቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሮዝ ይሆናል፣ ልጆቹ ይወዱታል። ክዳኑን ግጠምና በዝግታ እሳት 20 ደቂቃ ያህል ተወው። ሲልም በወንፊት አሳልፈው፤ ልጣጩ እዚያ ይቀራል።

ስኳር መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ይጨምርና አፕሉ የራሱ ጣፋጭነት እንዳለው ይረሳል። ቅመስ፣ ከዚያ ጨምር። ሎሚ ጠብ አድርግበት፤ ጨውም ቆንጠር። ቀረፋ በጣት ጫፍ ብቻ። ቀረፋ ከበዛ የምትበላው ቀረፋ እንጂ አፕል አይደለም። በዚህ እኔና አባትህ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ክዳኑን ከፍተህ እንዲወፍር ስትተወው ግን ድምፁን ስማ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይንሾካሾካል። ሲወፍር «ቧ፣ ቧ» ማለት ይጀምራል፣ ይፈነጠራልም። ያኔ እጀታው ረጅም የሆነ ማማሰያ ያዝና ከአጠገቡ አትጥፋ። እኔ አንድ ጊዜ ስልክ አንስቼ ወሬ ያዝኩ። ስመለስ ሥሩ ይዞታል። ይባስ ብዬ በማንኪያ ፋቅኩት፣ ድስቱ ሙሉ ጭስ ጭስ አለ። ባልፍቀው ኖሮ የላዩ ይተርፍ ነበር። ከያዘብህ ሳትነካው የላዩን ብቻ ቀስ ብለህ ወደ ሌላ ድስት ገልብጥ።

ጠንካራውን ለልጆቹ ስጣቸው። አንተ መሃሉን በቢላ ቦርቡረህ አውጣ፣ ሥሩን ግን አትብሳው። እነሱ ቅቤ፣ ዘቢብና ትንሽ ስኳር ይጠቅጥቁበት። ወገቡን ዙሪያውን በቢላ ጫር አድርገው፤ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሲሆን መውጫ ካጣ ልጣጩን ይተረትረዋል። ኦቨን ውስጥ 180 ዲግሪ ላይ 40 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፣ ትልልቁ ትንሽ ይጨምራል። የየራሳቸውን ምልክት ያድርጉበት፣ አለዚያ ሲወጣ ጠብ ነው።

ቆርጠው ያቆዩት ቡናማ ከሆነ «ተበላሸ» ብለው እንዳይጥሉት። አየር ነክቶት ነው። ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጥ ቢነከር ይዘገያል።

ስለ ፓይ ሊጥ አትጠይቀኝ። ለእኔም እስከ ዛሬ አልተዋጣልኝም።

ማታ ደውልልኝ፣ የልጆቹን ድምፅ ልስማ። ድስቱ እሳት ላይ እያለ ግን እንዳትደውል።

እናትህ