ለእማዬ፣ ስለ እህቴ ማጅራት

ይድረስ ለእማዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ከጅማ ዝናብ ጋር ተስማማ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ስለ እህቴ የማጅራት ሕመም «በአራስነቷ በጀርባዋ ብቻ ስላስተኛኋት፣ ጭንቅላቷንም በቅቤ ሳላሳሽ ስለቀረሁ ነው» ያልሽኝን ዛሬውኑ ከልብሽ አውጪው። በመኝታ የሚጠፈጠፈው የራስ ቅሉ ውጪ ነው። የእሷ ችግር ከውስጥ፣ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ፣ ትንሹ አንጎል የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው። የዚህ ጎድጓዳ አጥንት ገና በማህፀን ሳለች አጥሮ ተሠራ፤ አንጎሉ ግን በልኩ አደገ። ቦታ ሲጠበው የታችኛው ጫፉ ህብለ ሰረሰር በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል ወደ አንገት ወረደ። ያ ቀዳዳ ርዝመቱ 3.5፣ ስፋቱ 3 ሳንቲሜትር ያህል ቢሆን ነው። እርግብግቢት ላይ የሚያሽ እጅ እዚያ አይደርስም። የራስ ቅል መጋጠሚያዎች ያለጊዜያቸው የተዘጉባቸው ሕፃናት ላይ የውጪው ቅርፅም የውስጡም አብረው ይበላሻሉ፤ የእሷ ግን እንደዚያ አይደለም፣ በኤምአርአይ (በማግኔት በሚነሳው የውስጥ ምስል) ፊልሟ ላይ አይቼዋለሁ።

የምርመራው ወረቀት ላይ የሕመሟ ስም ሆኖ የተጻፈው «ኪያሪ አንድ» ሐንስ ኪያሪ ከሚባል ሐኪም የመጣ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1891 ፕራግ ሆኖ ነው ነገሩን የጻፈው። «ቶንሲል ወርዷል» የሚለው ግን እንዳያሳስትሽ። የጉሮሮ ቶንሲል አይደለም፣ እንጥልም አይደለም፤ የትንሹ አንጎል ጫፍ ነው። እንጥል እናስቆርጥላት የሚል ጎረቤት ቢመጣ ቡና አጠጥተሽ ሸኚው።

ጫፉ 9 ሚሊሜትር ወርዷል የሚለውም ያስደነገጠሽ ይመስለኛል። ከ5 በላይ ሲወርድ ነው ስሙ የሚሰጠው፣ ግን የሕመሙ ክብደት በሚሊሜትር አይለካም። 12 ወርዶለት ምንም የማያመው ሰው አለ፤ 4 ወርዶለት የሚሰቃይም አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው የአንጎል ፈሳሽ በዚያ ቀዳዳ መተላለፍ መቻሉ ወይም አለመቻሉ ነው። ልብ በመታ ቁጥር ፈሳሹ ወደ ጀርባ ወርዶ ይመለሳል። ጀበናውን አስቢው፦ ውታፉ ላላ ያለ እንደሆነ እንፋሎቱ በጎን ይወጣል፣ አንገቱን ጥርቅም አድርጎ ከያዘው ግን ግፊቱ ውስጥ ይቀራል። ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ ስትስቅ ወይም ሽንት ቤት ስታምጥ ማጅራቷን የሚመታት ሕመም ከዚህ ነው። ሰኮንዶች ወይም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። ሰዓታት የሚቆየው፣ በአንድ ጎን የሚወቅረውና ብርሃን የሚያስጠላት ግን ማይግሬን ሊሆን ይችላል፤ ያንን ቀዶ ጥገና አያድነውም።

የአጥንቱ ቅርፅ ልዩነት የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። የኋላው አጥንት ብቻ ካጠረ መጨናነቁ ከኋላ ነው፤ ያኔ የሳል ራስ ምታት ይመጣል፣ ፈሳሹም እየተገፋ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ቋት ሊሠራ ይችላል። ከፊት ያለው ተዳፋት አጥንት አጥሮ፣ የሁለተኛው የአንገት አጥንት ጥርስ መሰል ጫፍ ወደ ኋላ ወይም ወደ ላይ ካዘነበለ ደግሞ የሚጫነው የአንጎል ግንድን፣ አንጎልን ከህብለ ሰረሰር የሚያገናኘውን ክፍል ነው፤ ውሃ ሲጠጡ ትን ማለት፣ ድምፅ መጎርነን፣ በእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ይከተላል። የዚህኛው ሕክምና ከኋላ አጥንት ማንሳት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ አንገቱን በብረት ማሰር ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን «ከፊት በኩልስ ይጫናል ወይ?» ብለሽ ጠይቂልኝ፤ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

ኤምአርአዩ ጭንቅላቷን ብቻ ነው ያሳየው። አንገትና ጀርባዋም እስከ ታች መነሳት አለበት፣ ቋቱ የሚገኘው እዚያ ነውና። ሲዲውንም ይዛችሁ ውጡ፣ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም።

እስከዚያው አንድ ነገር ቤት ውስጥ አድርጊ። አይኗን ጨፍና ሁለት ማንኪያ፣ አንዱን ከቀዝቃዛ አንዱን ለብ ካለ ውሃ አውጥተሽ ትከሻዋንና ክንዷን በሁለቱም በኩል ንኪያት። የቱ እንደሆነ ካልለየች፣ ወይም ጣቷ ላይ መቼ እንደተቃጠለች የማታውቀው ጠባሳ ካየሽ፣ ቋት መኖሩን ያስጠረጥራልና ቀጠሮውን አስቀድሙት። ምጣዱንና ጀበናውንም እሷ አታውርድ።

ወጌሻ አንገቷን እንዳይጎትት፣ እንዳያንቋቋም። ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ፤ ጠባቡ ቦታ ላይ የሚደረግ ድንገተኛ ጥምዘዛ የአንጎል ግንዱን ሊጎዳ ይችላል። 20 ሊትር ጄሪካን አታንሳ። ሆድ ድርቀቷን በተልባና በውሃ ተከላከሉ፣ ሳሏ ከበረታ የኩሽናውን ጭስ አርቁላት። ከጀርባዋ ፈሳሽ እንቅዳ ወይም በጀርባ መርፌ እናደንዝዝ የሚል ባለሙያ ካለ ኪያሪ እንዳለባት አስቀድማችሁ ንገሩት።

ቀዶ ጥገናው የሚሆነው ምልክቱ ከባሰ ወይም ቋቱ ከተገኘ ነው። ከማጅራቷ 3 በ3 ሳንቲሜትር ያህል አጥንትና የመጀመሪያው አንገት አጥንት የኋላ ቅስት ይነሳል፤ ብዙ ጊዜም የአንጎሉ ሽፋን ተከፍቶ እንደ ጨርቅ ይጣፋል። አጥንቱን አብዝቶ ማንሳትም ጥሩ አይደለም፣ ትንሹ አንጎል በክፍተቱ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚያሰጋው እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከቁስሉ መውጣት፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ነው።

አሁን ግን ትንፋሿ በእንቅልፍ ከተቆራረጠ፣ እግሯ ከዛለ ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፤ መንገድ ላይ ሆናችሁ ደውይልኝ። አለዚያ ሐሙስ ማታ እደውላለሁ፤ የማንኪያውን ነገር ያኔ ትነግሪኛለሽ።

ልጅሽ