የሌኒንግራድ ከበባ ህትመቶችን ግዢ ስለመወሰን

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣

ከሌኒንግራድ ከበባ ዘመን (በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር የሶቪየቷን ከተማ ከቦ ከያዘበት ጊዜ) ናቸው የተባሉ ሁለት የሊቶግራፍ ህትመቶች፣ ማለትም በቅባት እርሳስ ድንጋይ ላይ ተሥለው ከዚያ ወረቀት ላይ የታተሙ ሥዕሎች፣ ለሽያጭ ስለቀረቡልን፣ በጋራ ገዝተን ወደ ስብስባችን እንጨምራቸው ወይስ እንተዋቸው የሚለውን ለመወሰን የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በተለመደው ቦታችን እንሰበሰባለን።

ሻጩ ሁለቱም የሶቪየቱ ሠዓሊ የአሌክሲ ፓኮሞቭ ሥራዎች መሆናቸውን ይናገራል፤ አንደኛው በ1942 እ.ኤ.አ. የተሠራውና የከተማዋ ነዋሪዎች ውሃ ለመቅዳት ወደ ኔቫ ወንዝ ሲወርዱ የሚያሳየው ነው። ሆኖም እነዚህ ሥዕሎች ከጦርነቱ በኋላ በመጻሕፍትና በፖስትካርድ ተባዝተው ስለወጡ፣ ከመጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ እንደ ዋና ህትመት እንዳይሸጥልን እሰጋለሁ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከድንጋይ የታተመው ሥዕል ያልተስተካከለ የቅባት እርሳስ ቅንጣት ሲያሳይ፣ የማተሚያ ቤቱ ቅጂ ግን በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ይታዩበታል። በእርሳስ የሰፈረ ፊርማ ብቻውን፣ በእኔ እምነት፣ ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ አጉሊ መነጽር ያላችሁ፣ እንዲሁም በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የታተመ ማንኛውም የሌኒንግራድ ሊቶግራፍ በእጃችሁ ያለ፣ ለማነጻጸሪያ እንዲሆነን ሳትጠቀልሉ በሁለት ጠንካራ ካርቶኖች መካከል አድርጋችሁ እንድታመጡ እንጠይቃለን። የሌላው የሶቪየት ሠዓሊ የሰሎሞን ዩዶቪን የሊኖሊየም ህትመቶች (በሊኖሊየም ላይ ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች) ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

መገኘት አለመገኘታችሁንና ለግዢው ልታዋጡ የምትችሉትን የገንዘብ መጠን እስከ ሐሙስ ማታ በዚሁ ግሩፕ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።